ያልበላነውን ሥጋ ለማን ሰጠነው?

ባለፈው ፋሲካ እኛ ቤት የሆነውን ነገር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ትልቅ ዜና ስለሆነ አይደለም፤ ማንም አልሞተም። ግን ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ደሞ ብዙ ቤት ውስጥ የሚደገም ይመስለኛል። ስለዚህ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። በዓል ሲደርስ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ እንገባለን። ያን ጊዜም ስምንት ቤት ሆነን አንድ በሬ ገዛን። ቅዳሜ ከሰዓት ታረደ፣ ተበለተ፣ በየመደቡ ተደለደለ፣ ዕጣ ወጣ። የኛ መደብ ሸጋ ነበር። ከሻኛው ደርሶናል፤ ከፍሪምባው ደሞ ጮማው ከቀዩ ጋር የተነባበረ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ቁራጭ ወጣልን። 55 ቀን የጾመ ፍሪጃችን በአንድ ምሽት ጢም ብሎ ሞላ።

ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። "አሁን ይመጣል" አልን። የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እናንተ ጋ አለ?"፣ "የለም"፣ "ታቦር ጋ መጥቷል አሉ" ሲባባል አመሸ። የመጣው ግን ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። 20 ሰዓት ሙሉ! በመሀል ፍሪጁ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አትጠይቁኝ። ውሃ የፈለገ ከፈተ፣ ቅቤ የፈለገ ከፈተ፤ እኔ ደሞ ሥጋው ደህና መሆኑን ለማየት በየሰዓቱ ስከፍት ነበር። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ እየተጨነቅኩ ቅዝቃዜውን ያስወጣሁት እኔው ነኝ።

መብራት እንደመጣ እናቴ ፌስታሉን ፈታች። አሸተተች። ዝም አለች። እንደገና አሸተተች። "ምንም አልሆነም" አለች፤ ግን መክተፊያውን አላነሳችም። ሥጋውን በውሃ አለቀለቀችው፣ በሎሚ አሸችው። ከዚያ "እኛ እንኳ ጠግበናል" ብላ በደንብ ጠቅልላ ሰርቪስ ቤቱን ለተከራየችው ልጅ ሰጠቻት።

ልጅቷ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት የምትሠራ፣ ቤተሰቦቿ ገጠር ያሉ ናት። በዓሉን ወደ አገሯ አልሄደችም። በጣም ደስ አላት። ማታ ከጓደኛዋ ጋር ለብ ለብ አድርገው በሉት። ረቡዕ ሌሊት ሁለቱንም አጣደፋቸው። ተከራያችን ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች፤ የሁለት ቀን ክፍያዋም ቀረ። ሐሙስ ጠዋት ከፋርማሲ ኦአርኤስ ገዝቼ ስሄድ ፊቷ ገርጥቶ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ለሥጋው እትዬን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።"

ከዚያው ሥጋ ይሁን ከሌላ ነገር በላቦራቶሪ ያረጋገጠ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር በእርግጠኝነት አውቃለሁ። እኛ አልበላነውም። ተጠራጥረን ሰጠነው።

እናቴን ክፉ አድርጋችሁ እንዳትስሏት። ሥጋ በዓመት ሦስቴ በሚገባበት ቤት ያደገች ሴት ናት። ለእሷ ሥጋ መጣል ማለት እንጀራ መርገጥ ማለት ነው። እኔም ስትጠቀልለው አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ "ተይ" አላልኩም። ያ ሥጋ ከወር ገቢዬ ላይ ምን ያህል እንደበላ ስለማውቅ ሲጣል ማየት አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ትንሽ ያሳፍረኛል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ የማይመለስ ወጪ የሚባለው ነው። አንዴ ወጥቶ ያለቀ፣ ምንም ብታደርጉ የማይመለስ ገንዘብ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወጪ በቀጣዩ ውሳኔያችሁ ውስጥ መግባት የለበትም። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፤ ማርክም አግኝቼበታለሁ። ፍሪጅ ፊት ስቆም ግን ጠፋኝ።

ሥጋው ብሩን የጨረሰው ቆሻሻ ውስጥ ስንጥለው አይደለም። መብራት በሌለበት ሌሊት ጨርሶታል። ማክሰኞ ከሰዓት የቀረው ጥያቄ "ብሩን እናድን ወይ?" አልነበረም፤ ብሩ ሄዷል። የቀረው ጥያቄ "ኪሳራውን ማን ይሸከም?" የሚለው ብቻ ነበር። እኛ በጨዋነትና በደግነት ጠቅልለን ለደሃዋ አሸከምናት።

ይኼ የኛ ቤት ጉድ ብቻ አይመስለኝም። ራሳችን ያልደፈርነውን ወጥ ለዘበኛው፣ አራት ቀን የቆየውን ክትፎ ለሠራተኛዋ፣ የተረፈውን ደሞ በር ላይ ለቆመው የኔ ቢጤ። "ከሚጣል" እንላለን። የነሱ ሆድ ከኛ ሆድ የተለየ ይመስል።

እንግዲህ ጥያቄው እናቴ ሁለት ጊዜ አሽትታ መልስ ያጣችለት ነው። ሥጋ መበላሸቱ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ስለ አፍንጫ እናውራ። ሁላችንም አፍንጫችንን እናምናለን፤ ችግሩ አፍንጫ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። ሥጋ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎችን በሁለት ጎራ ክፈሏቸው። አንዱ ጎራ ሥጋውን ያበላሻል፤ ሽታ ያመጣል፣ ያዝለገልጋል፣ ቀለም ይቀይራል። ይኼኛው ጯሂ ነው፤ መምጣቱን ይናገራል። ሌላው ጎራ ሰውን የሚያሳምመው ነው፤ ሳልሞኔላ የመሳሰሉት። እነዚህ ሥጋው ሳይሸት፣ መልኩ ሳይቀየር ሊበዙ ይችላሉ። ስለዚህ "ሸቷል" ማለት በእርግጥ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ "አልሸተተም" ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

የኛ አገር አፍንጫ ላይ ደሞ ሌላ ችግር አለ። የምንኖረው በኮምጣጣ ነው። እንጀራው የቦካ ነው፣ እርጎው የረጋ ነው፣ ሲዳማ ውስጥ ስንኖር ደሞ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የወጣ የእንሰት ቆጮ እንበላለን። ኮምጠጥ ያለ ሽታ አያስደነግጠንም፤ እንዲያውም ያስርበናል። እነዚህ ምግቦች ግን ሲቦኩ የሚፈጥሩት አሲድ ራሱ ይጠብቃቸዋል፤ መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ አይመቻቸውም። ጥሬ ሥጋ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ሥጋ ኮመጠጠ ማለት ቦካ ማለት አይደለም፣ ተበላሸ ማለት ነው።

ቀለምም ያሳስታል። ሥጋ ቀይ የሚሆነው አየር ሲያገኘው ነው። ፌስታል ውስጥ ተጨናንቆ የዋለ ሥጋ መሀሉ ቡናማ ቢሆን ብቻውን ምልክት አይሆንም። ጮማው ቢጫ መሆኑም እንደዛው፤ ሣር የበላ በሬ ጮማው ከመጀመሪያውም ቢጫ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ወይም የሚዝለገለግ ከሆነ፣ አረንጓዴ ነገር ከታየበት፣ የኮመጠጠ ወይም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው፣ በቃ አልቋል። ማጠብ አያድነውም፤ ሎሚም አያድነውም። እንዲያውም ጥሬ ሥጋ ስናጥብ የሚረጨው ውሃ ባክቴሪያውን ወደ መታጠቢያው፣ ወደ ሰሃኑ፣ ወደ ሰላጣው ይወስደዋል።

ጮማ የበዛበት እንደ ፍሪምባ ያለ ቁራጭ የራሱ ጣጣ አለው። ስቡ አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይለወጣል፤ የከረመ ቅቤ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ይኼ ፍሪዘር ውስጥ እንኳ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ስለዚህ ጮማውን አየር በማይገባው መንገድ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ከቀዩ ሥጋ ቀድማችሁም ጨርሱት።

"ቀቅዬ፣ ጠብሼ እበላዋለሁ፤ በሚጥሚጣ ይሞታል" የሚል አለ። ሚጥሚጣና አዋዜ ምላስ ያቃጥላሉ እንጂ የሥጋ ባክቴሪያ አይገድሉም። አረቄም ያው ነው። እሳት ይገድላል፤ መሀሉ ድረስ 70 ዲግሪ ከደረሰ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ለብ ለብ ግን እዚያ አይደርስም። ደሞም አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከመሞታቸው በፊት መርዝ ትተው ያልፋሉ። ከሰው እጅ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚተወው መርዝ በመፍላት እንኳ አይጠፋም። ባክቴሪያውን ገደላችሁት ማለት የሠራውን ሥራ ሰረዛችሁ ማለት አይደለም።

ታዲያ አፍንጫ ካልታመነ ምን ይታመን? ሰዓት።

ከ4 ዲግሪ በላይ ያለ ሥጋ ቆጣሪው እንደበራ ታክሲ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል፤ በሚመቸው ሙቀት አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በ20 ደቂቃ እጥፍ ማለት አንዱ በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64 ነው። ሐዋሳ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ብትሆንም የፋሲካ ሰሞን ቀትር ሞቃት ነው፤ ኩሽና ውስጥ ደሞ ከሰሉ ሲጨመርበት አስቡት።

መብራት ሲጠፋ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ድረስ የሞላ ደሞ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ መጀመሪያ የምታደርጉት ሻማ መፈለግ ሳይሆን ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓቱን መጻፍ ይሁን። ከዚያ በሩን አትክፈቱ። እንደኔ "ልየው" አትበሉ። 4 ሰዓት ሲሞላ የፍሪጁን ሥጋ አውጡና ወዲያው አብስሉት፣ ወይም ወደ ፍሪዘሩ አዛውሩት። ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ሥጋ በረዶው ገና ካልጠፋበት መልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የኛ ሥጋ 20 ሰዓት የቆየው ፍሪጁ ውስጥ ነው። በዚህ ሒሳብ ውሳኔው ሰኞ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ አልቆለት ነበር፤ እኛ ግን ማክሰኞ በአፍንጫ ይግባኝ ጠየቅን።

ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ የምትመለሱ ደሞ ይቺን ያዙ። ስኒ ውስጥ ውሃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ላይ ካለ ደህና ነው። ወደ ስኒው ታች ከሰጠመ፣ እናንተ በሌላችሁበት ሁሉም ነገር ቀልጦ መልሶ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ሥጋው ድንጋይ መስሎ ቢታያችሁም አትመኑት።

አቀማመጡም ላይ እንሳሳታለን። ገና የታረደ በሬ ሥጋው ትኩስ ነው። ያንን 5 ኪሎ በአንድ ፌስታል ቋጥረን ፍሪጅ ውስጥ ስንወረውረው ላዩ ይቀዘቅዛል፣ መሀሉ ግን ለብዙ ሰዓት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ይልቅ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ በሚሆን መጠን ቆራርጣችሁ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ በመሀላቸው አየር እንዲያልፍ አርቃችሁ አስቀምጡ። ጥሬው ከታች፣ የበሰለው ከላይ ይሁን፤ ደም ወጥ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ፍሪጅ ውስጥ ሙዳ ሥጋ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ጉበትና ጨጓራ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ የበሰለ ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ክትፎ ሲሆን ደሞ ሲከተፍ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ በሚበላበት ሰዓት ይከተፍ፤ ለነገ አይደር። የቀዘቀዘ ሥጋ ማቅለጥ ከፈለጋችሁ ከማታው ወደ ፍሪጁ አውርዱት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። ፍሪዘር ባክቴሪያን አይገድልም፤ ያስተኛዋል። ሲቀልጥ ይነሳል።

"ድሮ ፍሪጅ የት ነበር? አያቶቻችን ሞቱ እንዴ?" የምትሉኝ ይኖራላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን አያቶቻችን ከኛ ይልቅ ሰዓት ያውቁ ነበር የሚል ነው። ቋንጣን ተመልከቱ። ሥጋው በታረደበት ዕለት ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይታሻል፣ ገመድ ላይ ይሰቀላል። ጨውና አየር ውሃውን ያወጡታል፤ ውሃ ከሌለ ባክቴሪያ አይራባም። ግን ቋንጣ የሚሠራው ከትኩስ ሥጋ ነው። "ሊበላሽ ነው፣ ቋንጣ እናድርገው" የሚባል ነገር የለም፤ የዘገየ ሥጋ ቋንጣ ቢሆን የደረቀ ብልሽት ነው። አየሩ እርጥብ በሆነ ሰሞን ደሞ ቀጠን አድርጎ መዘልዘልና ነፋስ ያለበት ቦታ መስቀል ያስፈልጋል።

ቅርጫ ራሱስ ምንድነው? እኔ ሳስበው ያለ መብራት የሚሠራ ፍሪጅ ነው። አንድ ቤት አንድ በሬ ብቻውን ቢያርድ ይበላሽበታል። ለስምንት ሲካፈል ግን በጥቂት ቀን ያልቃል። ትርፉን ጎረቤት ሆድ ውስጥ ታስቀምጣለህ፤ በሌላ በዓል ይመለስልሃል። ለአረፋም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያረዱትን ለዘመድና ለችግረኛ የሚያካፍሉት በዚያው በትኩሱ ነው። ችግሩ የመጣው ፍሪጅ ሲገባ "ይቆያል" ብለን ማካፈሉን ማቆየት ስንጀምር ነው። አሞራ ገደል ሂዱና ዓሣ ሻጮቹን እዩ። ቆሮሶ በጠዋት ከሐይቁ ሲወጣ ዓይኑ የጠራ ነው፣ ጉረሮው ውስጥ ስንፍሉ ቀይ ነው፤ እየረፈደ ሲሄድ ሁሉም ይቸኩላል። እዚያ "ይቆያል" የሚል ነጋዴ የለም። ሥጋ ላይ ግን ዓሣ ላይ ያለንን ጥንቃቄ ግማሹን እንኳ አናደርግም።

ይኼን ሁሉ የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420,000 ሰው ይሞታል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከባዱን ሸክም የምትሸከመው አፍሪካ ናት። ሰፈር ውስጥ ግን ይኼ ቁጥር ሆኖ አይታይም። "ምች መታኝ"፣ "ጨጓራዬ ተነሳ"፣ "የበዓል ምግብ ከበደኝ" ተብሎ ያልፋል።

"ደሃ አገር ውስጥ ሥጋ መጣል ነውር ነው" ለምትሉ፣ እስማማለሁ። ነውሩ ግን የሚጀምረው ማክሰኞ ስንጥለው አይደለም። ቅዳሜ ከምንበላው በላይ ቋጥረን ስናስቀምጥ ነው። መስጠት ከፈለግን ቅዳሜ እንስጥ፤ ገና ትኩስ እያለ፣ እኛም የምንጎመጀው እያለ። ማክሰኞ ተሽትቶ የሚሰጥ ሥጋ ስጦታ አይደለም፤ ኪሳራን ማስተላለፍ ነው። ለመስጠት ስታስቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ። "አሁን እኔ ራሴ እበላዋለሁ?" መልሱ "አይ" ከሆነ ለሰውም አይሆንም። ያኔ ጣሉት፤ ውሻም እንዳያወጣው ቅበሩት።

ከፋሲካ በኋላ ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ተቀምጠን አላወራንም። የልጅቷን መታመም ሰምታለች፤ ሁለት ቀን አጥሚት እየሠራች የወሰደችላት እሷው ናት። ለገና እንደገና ቅርጫ ገባን። ዕጣው ወጥቶ መደባችንን ይዘን ቤት ስንገባ እኔ ፍሪጁን ልከፍት ሄድኩ። እናቴ "ቆይ" አለችኝ። ከፍሪምባው ጥሩውን ቆረጠች፣ ከሻኛውም ጨመረች፣ ንጹሕ ሰሃን ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ሰርቪስ ቤቱ ራሷ ይዛው ሄደች።

ስትመለስ ምንም አላለችም። "በል ገመድ አምጣ" አለችኝና ቋንጣውን መዘልዘል ጀመረች።